«ፕሌይ»፦ ጨዋታም፣ ተውኔትም

ቃል በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሲታይ ጭምት ነው። ፍቺዎቹ በቁጥር ተለይተው፣ እያንዳንዱ ድንበሩን ጠብቆ ይቀመጣል። ወደ ሰው አንደበትና ወደ መድረክ በወጣ ጊዜ ግን ፍቺዎቹ ይነካካሉ፤ የአንዱ ጥላ በሌላው ላይ ያርፋል። «ፕሌይ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕፃኑ በደጅ የሚያደርገው፣ ኳስ ተጫዋቹ በሜዳ የሚፈጽመው፣ ሙዚቀኛው በመሣሪያው የሚያሰማው፣ ደራሲው ለመድረክ የሚጽፈው ሁሉ በዚሁ በአንድ ቃል ይጠራል። መካኒኩ እንኳ በሁለት የመኪና ብረቶች መካከል የምትተወዋን ጥቂት ልቅነት፣ ያለርሷ ብረቱ ተጣብቆ የሚቀርባትን ክፍተት፣ «ፕሌይ» ይላታል።

የቃሉ ጥንተ ትርጉም ፈጣን እንቅስቃሴ ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ከጦር ስም ጋር ተጣምሮ ውጊያን ይገልጽ እንደ ነበረም ይታወቃል። ይህ ጉግስን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉግስ ጨዋታ ነው፤ ይሁን እንጂ ፈረሰኛው ዘንግ ሲወረውርና በጋሻው ሲመክት የሚታየው የጦር ሜዳው ስልት ነው።

እንግሊዝኛ ለዚህ ቃል ተመሳሳዮችን አላጣም። ነገር ግን ተመሳሳይ የተባለው ሁሉ የሚያየው ከተለየ አቅጣጫ ነው። «ጌም» ደንብ ያለው፣ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበት ጨዋታ ነው። «ድራማ» ከግሪክ የመጣ ሲሆን መሠረቱ «ማድረግ» ነው፤ ነገሩን ከአድራጊው ወገን ያያል። «ቴአትር»ም የግሪክ ነው፤ «መመልከቻ ስፍራ» ማለት ስለሆነ ነገሩን ከተመልካቹ ወገን ያያል። «ፕሌይ» ግን ሕፃኑንና ተዋናዩን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳድራል።

አማርኛስ? እዚህ ላይ ግዕዝን መጠየቅ ያስፈልጋል። በግዕዝ «ተዋነየ» ማለት ተጫወተ፣ ቀለደ ማለት ነው። «ተውኔት» ጨዋታ ነው። «ተዋናይ» እና «ትወና» የሚሉት ቃላትም የዚሁ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። እንግዲህ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ያጣመረውን ግዕዝም በራሱ መንገድ አጣምሮታል። ልዩነቱ፣ በአማርኛ ጆሮ «ተውኔት» የተከበረ የጥበብ ስም ሆኖ ሲቀር፣ በውስጡ ያለው ጨዋታ መዘንጋቱ ነው። «ጨዋታ» ደግሞ እንግሊዝኛው የሌለው አንድ ሀብት አለው፤ ይኸውም ወግ ነው። እንግዳ ተቀብሎ «ተጫወቱ እንጂ» የሚል ባለቤት ኳስ አላቀረበም፤ የጠየቀው ንግግር ነው። «ጨዋታ አዋቂ» የሚባለውም አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። ለአማርኛ ጨዋታ ማለት ሌላ ሰው የሚሻ ነገር ነው።

ያም ሆኖ ጨዋታ ሁሉ እንደ ዋዛ አይታይም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1618 ንጉሥ ጀምስ ሕዝቡ በሰንበት ከጸሎት በኋላ በተፈቀዱ ጨዋታዎች እንዲዝናና ዐዋጅ አውጥቶ ነበር። አጥባቂዎቹ ፒዩሪታኖች ይህን እንደ ድፍረት ቈጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1642 ፓርላማው የመድረክ ተውኔት እንዲቆም አዘዘ፤ በ1643 ደግሞ ያ የጨዋታ ዐዋጅ በአደባባይ እንዲቃጠል ተደረገ። ቴአትር ቤቶች ሕጋዊ ሆነው የተከፈቱት ንጉሣዊው አገዛዝ በ1660 ሲመለስ ነው። የሜዳውም የመድረኩም ጨዋታ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ወገን መጠላታቸው የቃሉን አንድነት የሚመሰክር ነው።

ይህ አንድነት ከሁሉ አብልጦ የሚታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ በተጻፈው የሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ገቢር፣ የአባቱ መንፈስ በጦር ልብስ መታየቱን የሰማው ልዑል፣ የተሠራ ደባ ሳይኖር እንዳልቀረ ይጠረጥራል፤ ደባውን የሚጠራው «ፕሌይ»ን ከክፉ ቅጽል ጋር አጣምሮ ነው። በሦስተኛው ገቢር ተዋንያን የንጉሥን መመረዝ የሚያሳይ ተውኔት ያቀርባሉ፤ ይህም «ፕሌይ» ነው፤ ገዳዩም ንጉሥ መቀመጥ ተስኖት ይነሣል። ወዲያው ሐምሌት ለሰላይነት ለተላከበት ለአንዱ ጓደኛው ዋሽንት ሰጥቶ «ተጫወት» ይለዋል። ጓደኛው እንደማይችል ሲናገር፣ ይህችን ትንሽ መሣሪያ መጫወት ካቃተህ በእኔ ላይ እንዴት ልትጫወት ታስባለህ በሚል አሳብ ይወቅሰዋል። በመጨረሻው ገቢር የሰይፍ ግጥሚያው በዚሁ ቃል ይጠራል፤ የሰይፉ ጫፍ ግን ተመርዟል። ደባው፣ ምስጢሩን ያወጣው መድረክ፣ ዋሽንቱና ሞት ያመጣው ግጥሚያ በአንድ ክር ተሰፍተዋል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት ይህ ተውኔት ለማንም ተርጓሚ የሚያቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ከባድ ነው። «ደባ»፣ «ተውኔት»፣ «ዋሽንት መንፋት»፣ «ግጥሚያ» ተብሎ ቢተረጎም አንዱም ስሕተት አይደለም፤ ክሩ ግን ተበጥሷል። በተለይ በዋሽንቱ ላይ የአማርኛ ብልጽግና ራሱ እንቅፋት ይሆናል። በአማርኛ በገና ይደረደራል፣ ክራር ይመታል፣ ዋሽንት ይነፋል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱ ግሥ አለው።

ይሁንና መንገዱ ፈጽሞ አልተዘጋም። አማርኛ ተንኰለኛው በሰው «ተጫወተበት» ይላል፤ የሰይፍ ጨዋታም ማለት ይቻላል። ተዋንያኑ የሚያቀርቡት «ጨዋታ» ቢባል፣ ያ የተረሳው የተውኔት ፍቺ ከግዕዙ ምንጭ ይመለሳል። በዋሽንቱ ፈንታ ክራር ቢገባ ደግሞ «መቃኘት» የሚባል ግሥ ይገኛል፤ ክራር ይቃኛል፣ ሰውም ለሌላው ፈቃድ ይቃኛል። በዚህ ልውውጥ የዋሽንቱ እስትንፋስ ይጠፋል፤ የሐምሌት ቍጣ ግን ይተርፋል።

ስለዚህ የተርጓሚ ዕዳ ለአንድ ቃል አንድ አቻ በመፈለግ አይከፈልም። ቃሉ በድርሰቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ፣ በተመለሰም ቍጥር ምን ሸክም እንደ ጨመረ መቁጠር አለበት። የቴአትር ሰውም ከዚህ ቃል የሚወስደው ትምህርት አለ። ተውኔትን ጨዋታ ብሎ መጥራት ማቃለል አይደለም። የዴንማርክን ንጉሥ ከዙፋኑ ያስነሣው፣ ጦርም ዐዋጅም ሳይሆን፣ በፊቱ የቀረበ ጨዋታ ነበር።