ከእንጅባራ የሚሄድ እንግዳ ምን ይዞ ይሂድ?



ከሐጅ የተመለሰ ሰው ሻንጣውን ሲፈታ ምን እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ዘምዘም ይወጣል፤ ቴምር ይወጣል፤ መስገጃ፣ ሙስበሃ፣ ለልጆች ኮፍያ፣ ለእናቶች ሽቶ ይወጣል። መስገጃውን ገልብጠን ብናየው ሌላ አገር የተሠራ ሊሆን ይችላል። ዘምዘሙ ግን የዚያው ምድር ነው። ለዚህ ነው ጎረቤት ሁሉ አንድ ጉንጭ ሲደርሰው ፊቱ የሚበራው። የተሰጠው ትንሽ ነው፤ ትልቅ ያደረገው ከየት እንደመጣ ማወቁ ነው።

ዛሬ ነገሩን አዙረን እንየው። ወደ እኛ ወደ አዊ መጥቶ የሚመለስ እንግዳስ ምን ይዞ ይሄዳል? እኛስ ምን ሸጥንለት?

መስጂድ የምናገለግል ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ለኒካሕ የመጣ፣ ለተዕዚያ የመጣ፣ ልጁን ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሊያስመርቅ የመጣ፣ ከውጭ አገር ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሰግዶ ሲወጣ ጠጋ ይልና «ከዚህ ምን ልውሰድ? የማያታልለኝስ ማን ነው?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። እንቅልፍ የሚነሳን ሁለተኛው ነው።

◆ ምን አለን?

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ዳንግላን ያገኛል፤ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ የቀድሞዋን ኮሶበር፣ የዛሬዋን እንጅባራን። ሁለቱም ከተሞች ለእንግዳ አዲስ አይደሉም። ዳንግላ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሜጀር ቺዝማን የተቀመጠባት ከተማ ናት። ሰውየው ከዚያ እየተነሳ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ ካርታ አነሳ፤ አገሩ ሲመለስም መጽሐፍ አሳተመ። የእሱ ስንቅ ካርታ ነበር።

የዛሬው እንግዳ የሚይዘው ሌላ ነው። ከእንጅባራ የቀርከሃ ወንበር፣ መደርደሪያና ቅርጫት ይወስዳል። አውቶቡስ ሲቆም ድንች በጆንያ ይጫናል። ማርና ቅቤ ይገዛል። በፋግታ ለኮማ በኩል፣ በአዲስ ቅዳም መንገድ ዳር፣ ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሮ ይጠብቀዋል።

ስለ ከሰሉ አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ከሰሉ የሚወጣበት ገበሬው «ዲከረንስ» የሚለው ዛፍ የአገራችን አይደለም፤ ትውልዱ ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ የሲድኒ አካባቢ ነው። የእኛ ገበሬ ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ተክሎ፣ አራት አምስት ዓመት አቆይቶ፣ ከሰል አክስሎ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰበት፤ ልጁን አስተማረበት። ባለፉት ዓመታት ዛፉን በሽታ እያጠቃው ብዙ ቤተሰብ ተጨንቋል፤ አላህ ያንሳልን። ሪዝቅ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ በመጣ ዛፍ የፋግታ ገበሬ ይኖራል።

◆ ከሜልበርን የመጣችው እህታችን

አንዲት እህታችን ከሜልበርን ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር ዘመድ ጥየቃ መጥታ ነበር። ለወንድሟ ልጅ ያመጣችለት ስጦታ ጠማማ፣ በቀለም ነጠብጣብ ያጌጠ እንጨት ነው፤ ቡሜራንግ ይሉታል፤ ሲወረወር ዞሮ ይመለሳል። የጥንት የአገሩ ሰዎች ማደኛ ነው። ልጁ በደስታ ሲወረውር እናቱ «እውነተኛው ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እህታችንም ሳቀችና «እሱን ያመንኩት ሻጩን ነው» አለች።

ጥያቄው ከባድ ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ የማስታወሻ ዕቃ አከፋፋይ ኩባንያን 2.3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቷል። ጥፋቱ ኢንዶኔዥያ የተሠሩ ቡሜራንጎችንና መሰል ዕቃዎችን የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ እጅ ሥራ አስመስሎ መሸጡ ነው፤ ከ18 ሺህ በላይ ዕቃ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የዚያው አገር የመንግሥት ጥናት ደግሞ በነባሩ ሕዝብ ጥበብ አምሳል ለማስታወሻ ከሚሸጠው ከግማሽ የሚበልጠው እውነተኛ እንዳልሆነ ገልጿል። ተጎጂው ገዢው ብቻ አይደለም። ያ ጥበብ የአባቱ የሆነ፣ እቤቱ ቁጭ ብሎ እንጨት የሚጠርብ ሰው ገበያውን ተነጠቀ።

አገራቸው ሀብታም ነው፤ ፍርድ ቤት አለው፤ ቀጣ። እኛ ዘንድ መንገድ ዳር የሚሸጥ ማር ላይ ማን ይፈርዳል? አላህን መፍራታችን ብቻ።

◆ ማሩ

እህታችን ማር ልግዛ አለች። አብረናት ገበያ ወጣን። የመጀመሪያው ሻጭ የምናውቀው ሰው ነው፤ በጁምዓ አብሮን ይሰግዳል። ማሩ ያማረ ነው፤ ቀለሙ እንደ ወርቅ ነው። ቀምሰን ግን ምላሳችን ላይ የቀረው የስኳር ጣዕም ነው። እዚያው ቆመን ተያየን። ዝም ብንል እንግዳዋ ልትታለል ነው። ብንናገር ጎረቤታችንን በሰው ፊት ልናዋርደው ነው።

እንግዳዋን «ሌላም እንይ» ብለን ወሰድናት። ከዐስር ሶላት በኋላ ሰውየውን ለብቻው ጠርተን የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ታሪክ አስታወስነው፤ በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግከውም ብለው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። እርጥብ እህል መሸጥ አልከለከሉትም፤ መደበቁን ነው የከለከሉት። ወንድማችን አንገቱን ደፋ። «ስኳር የገባበት ነው ብዬ በርካሽ ልሽጠው?» አለ። አዎ፣ ሐላሉ እሱ ነው አልነው።

ለገዢ የሚጠቅም ጥቂት ነገር እናክል። ዋናው የማር ቆረጣ አደይ አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ሻጩን መቼ እንደተቆረጠ ጠይቁት። ማር መርጋቱና መጠጠሩ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። አረፋ የያዘና የመኮምጠጥ ሽታ ያለው ግን ሳይደርስ የተቆረጠ ወይም ውኃ የነካው ነው። ከነሰፈፉ መግዛት ይሻላል። ቅቤ ስትገዙ ትንሽ አቅልጣችሁ እዩ፤ ሙዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ከታች ይዘቅጣል።

◆ ቀርከሃው

ከማሩ በኋላ ወደ ቀርከሃ ሠሪዎቹ ሄድን። እህታችን አንድ ትንሽ መደርደሪያ ወደደች። ሠሪው ሽማግሌ፣ የሌላ እምነት ተከታይ ናቸው፤ ዕቃውን አንስተው አገላበጡና «ይህን አትውሰጂ ልጄ፤ ለጋ ነው፤ ወዲያኛውን ውሰጂ» አሏት። ዋጋው አንድ ነው። ባይናገሩ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

ምክንያቱን አስረዱን። የደጋ ቀርከሃ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው ለዕቃ የሚሆነው። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ነፍሳትም ይበሉታል፤ ከጥቂት ወር በኋላ ከሥሩ ዱቄት ይራገፋል። ለጋው ብሩህ አረንጓዴና ነጭ ብናኝ የለበሰ ነው፤ የበሰለው የደበዘዘና የሽበት መሳይ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ተሠርቶ ሲያልቅና ቀለም ሲቀባ ግን ገዢ አይለየውም። የሚያውቀው የቆረጠው ሰው ብቻ ነው።

አማና ማለት ይህ አይደል? አንተ ብቻ የምታውቀውን፣ ሌላው ሊያውቅ የማይችለውን መናገር። ከሚንበር የምንሰብከውን ሽማግሌው በመንገድ ዳር ሠርተው አሳዩን።

የፊቅህ ኪታቦች «ሙስተርሲል» የሚሉት ገዢ አለ። የገበያውን ዋጋ የማያውቅ፣ መከራከርም የማይችል፣ ሻጩን አምኖ የሚገዛ ሰው ነው። በሐንበሊ መዝሀብ እንዲህ ያለ ሰው ከልክ ባለፈ ዋጋ ከተጎዳ ሽያጩን የማፍረስ መብት አለው። እንግዳ ማለት ሙስተርሲል ማለት ነው። ንግግሩን ሰምተን፣ ጫማውን አይተን ዋጋውን ሦስት እጥፍ ስናደርግ «ብልጥ ነጋዴ» አልሆንንም፤ የታመነ ሰው ከዳን እንጂ።

ችግሩን ሳናውቅ የምንናገር አይምሰላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ ይዘጋል፤ እንግዳ ቀንሷል። ሳምንት ሙሉ ያልሸጠ ሰው አንድ መኪና ሲቆም የሳምንቱን ሁሉ ከአንዱ ላይ ማግኘት ያምረዋል። ግን ያ አንድ እንግዳ ለአሥር ሰው ይናገራል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ወደ ከተማችን የሚመጣው ሕዝብ ቀድሞ የመጣው ሰው የነገረውን ሰምቶ ነው።

◆ ለገዢዎችም

ነገሩ የሻጭ ብቻ አይደለም። ፈረስን ካነሳን የሰሓባውን የጀሪር ኢብን ዐብዲላህን ታሪክ እናስታውስ። አገልጋያቸው ፈረስ በ300 ዲርሃም ተስማምቶ ገዛላቸው። ጀሪር ፈረሱን ሲያዩ ከዚያ እንደሚበልጥ አወቁ። ሻጩን «ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል» እያሉ ዋጋውን ራሳቸው ጨምረው ጨምረው 800 አደረሱት። ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ገብተው ነበርና።

እኛ እንደ ጀሪር አንሆን ይሆናል። ቢያንስ ግን ከተራራ ቆርጦ፣ ተሸክሞ፣ ሰንጥቆ፣ ፍቆ፣ በእሳት አጉብጦ ወንበር የሠራን ሰው «በግማሽ ካልሰጠኸኝ» ብለን እስኪመሽ አናድክመው። መሽቶበት፣ ለልጆቹ እራት ቸግሮት የሚሸጥ ሰው የፈቀደ ይመስላል እንጂ ልቡ አልፈቀደም። ስጦታ ልባችንን ለማቀራረብ የተወደደ ሱና ነው፤ አንዱን አስከፍተን የገዛነውን ለሌላው ስንሰጥ በረካው የት ይገባል?

◆ ወደ ሩቅ አገር ለሚሄዱ

ወደ አውስትራሊያ የምትመለሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ልብ በሉ። ማር በእጅ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያሳልፏችሁም፤ በሚጫነው ሻንጣ አሽጋችሁ አስገቡት። ስትደርሱ በምትሞሉት ቅጽ ላይ ምግብ፣ የእንስሳት ውጤት፣ እንጨትና ቀርከሃ ይዣለሁ ብላችሁ አስመዝግቡ። መርማሪው አይቶ ሊያሳልፈው፣ ሊያስቀረውም ይችላል፤ የደበቀ ግን ይቀጣል። ወደ ፐርዝ የምትሄዱ ማር አትያዙ፤ የምዕራብ አውስትራሊያ ግዛት ከሌሎቹ የአገሩ ግዛቶች የሚመጣውን ማር እንኳ ይከለክላል። ቀርከሃ ከወሰዳችሁ የበሰለ፣ በደንብ የደረቀ፣ አፈር ያልነካው፣ ትንሽ ዕቃ ይሁን። ሕጉ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት የአገሩን የኳራንቲን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ እዩ።

«ማን ያየኛል» ብሎ መደበቅ ለሙስሊም አይገባም። ሻጩ ማሩ ላይ እውነቱን እንዲናገር የጠየቅን ሰዎች እኛም ቅጹ ላይ እውነቱን እንጻፍ።

እህታችን መጨረሻ ላይ የወሰደችው ብዙ አይደለም። ሽማግሌው የመረጡላትን መደርደሪያና ከሌላ ሻጭ የገዛችውን አንድ ዕቃ ማር ነው። ከሜልበርን ስልክ ስትደውል መደርደሪያው ተመርምሮ እንዳለፈ፣ ሳሎኗ ውስጥ ቁርኣን እንዳስቀመጠችበት ነገረችን። ቤቷ የሚገባ ሰው ሁሉ «ከየት ነው?» ይላታል፤ እሷም የሽማግሌውን ነገር ታወራለች። ስማቸውን አታውቅም፤ «ለጋ ነው አትውሰጂ ያሉኝ አባት» ትላቸዋለች።

አላህ ንግዳችንን ሐላል ያድርግልን፤ ለእንግዶቻችን መንገዱን ሰላም ያድርግልን፤ በመንገድ ዳር ለሚደክሙ እጆች በረካ ይስጥልን። ኣሚን። ማር ለምትሸጡም፣ እንግዳ ለምትቀበሉም ወዳጆቻችሁ አካፍሏቸው።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።