ሞተሯን ለምን ሸጥናት?

እኛ አያት የምንኖር ወንድማማቾች ተጋግዘን ስፖርት ሞተር ገዝተን ነበር። መልኳ ልብ ይሰርቃል። ግን መሪዋ ዝቅ ያለ፣ የእግር ማሳረፊያዋ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ የሸሸ ነው። በፍጥነት ሲነዳ ነፋሱ ደረትን ይደግፋል፤ ከአያት በሲኤምሲ እስከ መገናኛ ባለው መጨናነቅ ግን ክብደታችን የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። ሱጁድ ስንወርድ መዳፋችንን መሬት ማሳረፍ እስኪያቅተን ድረስ "ሰው ምን ይለናል" ብለን ደበቅነው።

በመጨረሻ ለመሸጥ ወሰንን። ደላላው "ስለ ህመሙ ዝም በሉ" አለን። እኛ ግን ለመጣው ሁሉ ተናገርን። የመጀመሪያው ትቷት ሄደ፤ ሁለተኛው ነድቶ ሞክሮ፣ ዋጋ አስቀንሶ ወሰዳት።

አልሐምዱሊላህ፣ አሁን በታክሲ ነን። ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መልኳን አይታችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ በየቀኑ በምትሄዱበት መንገድ ነድታችሁ ሞክሯት።