ኮምፕሬሰሩ ትዳሩን ሊያፈርስ ነበር!
ከባሕር ዳር እስከ ቆጋ በአሮጌ ማርቸዲስ

ባሕር ዳርን በጥር ያየ ሰው በሚያዝያ ተመልሶ ቢመጣ ሌላ ከተማ የገባ ይመስለዋል። ጣና እንዳለ ነው፤ ዘንባባውም እንዳለ ነው፤ ነፋሱ ግን የለም። ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት አስፋልቱ መጋል ይጀምራል። በባጃጅ የሚሄድ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ጎንና ጎኗ ክፍት ስለሆነ እየሮጠች ታናፍሰዋለች። ወዮ ለባለ ቤት መኪናው! በተለይ መኪናው ዕድሜ ጠገብ፣ ኤሲውም ሙት ከሆነ።

"ታዲያ መስኮቱን አይከፍትም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። ይከፍታል እንጂ! ከኋላ ያስቀመጣት ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ከሆነች ግን አይከፍትም። ቢከፍት አቧራው ነጩን ልብስ ያጠይመዋል፤ ቢዘጋ ደግሞ የውበት ሳሎኑ ሥራ ሁሉ በላብ ታጥቦ ይወርዳል።

ይህን የማወራችሁ ስለ አንድ ጓደኛዬ ነው። ስሙ ይቆየን። ከአባቱ የወረሰው ነጭ የ1983 ሞዴል ማርቸዲስ አለው። አዋቂዎቹ "ደብሊው 123" የሚሉት ነው። ጀርመኖች ከ1976 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሠርተውታል። የጓደኛዬ ማርቸዲስ ሰኞ እስከ ዓርብ ግቢ ቆሞ ይውላል፤ ቅዳሜና እሁድ አበባ ተደርጎለት ሙሽራ ይጭናል። ደሞዙ የቤት ኪራይና አስቤዛ ከሸፈነ በኋላ ለቁጠባ የምትቀረው ሳንቲም የምትመጣው ከዚህ መኪና ነው።

"ሸጦ አዲስ አይገዛም?" የሚል አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ ያለውን አሮጌ መኪና አክሞ መያዝ ቅንጦት ሳይሆን ኑሮ ነው። ችግሩ ያለው አስተካከሙ ላይ ነው!

ሁለት ኮምፕሬሰር፣ አንድ ኩርፊያ

ነገሩ የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. የጥር ሰርግ ላይ ነው። ኤሲው ቀጥ አለ። ጓደኛዬ መኪናውን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደ። ልጆቹ ኮፈኑን ከፍተው ትንሽ ጎርጎር አደረጉና "ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር" ብለው ፈረዱ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፕሬሰር በሰው ተላከ። ዋጋው የጓደኛዬን የሁለት ወር ደሞዝ ዋጠ። ባለቤቱ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረችና ገንዘቡ የተቆጠበው ለመውለጃዋ ነበር። ቢሆንም ተነጋግረው ተስማሙ፤ "መኪናው ሠርቶ ይመልሰዋል" ተባለ።

በአንድ ከሰዓት በኋላ ተገጠመ፣ ጋዝ ተሞላ፣ የጉና ተራራ ጠዋት መሰለ። ቅዝቃዜው ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ቆየ። አንድ ቀን ኮፈኑ ሥር ድንጋይ የሚፈጭ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፣ ቺንጊያው ጨሰ፣ አለቀ። ጋራዡ "የሸጠልህ ነው የበላህ" አለው፤ ሻጩ ደግሞ "የገጠመልህ ነው ያበላሸብህ" አለው። ወንድሜ መሐል ቤት ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት ሊያመልጠው ሆነ። ታዲያ ምን አደረገ? ለባለቤቱ ሳይነግር ከቁጠባው አውጥቶ ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ገዛ! እሷም የባንክ ደብተሩን ባየች ጊዜ አልጮኸችም። "ለመኪናህ ሳንባ ሁለቴ ገዛህ፤ ለልጅህ አንድ ዳይፐር አልገዛህም" ብላው ሻንጣዋን ይዛ በሚኒባስ ወላጆቿ ጋ ቆጋ ገባች።

የሽማግሌው መካኒክ ትምህርት

ሁለተኛው ኮምፕሬሰር ከመገጠሙ በፊት ጓደኛዬን አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው አዲሱን ዕቃ ዞር ብለውም አላዩት። የሞተውን አወረዱና ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጡት። እንደ ኩል የጠቆረ ነው፤ በውስጡም የሚያብለጨልጭ ብናኝ አለ።

"ይኸ ብረት ነው፣ ልጄ" አሉት። "ይኸ ሁሉ በቧንቧው ውስጥ ተበትኗል። አዲሱን ብንገጥምበት ይኸንኑ ይበላና ይሞታል።"

ውድ አንባቢያን፣ ኤሲ ማለት ክብ መንገድ ነው። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ያግላል። ጋዙ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር አልፎ ይበርድና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ እርጥበት በሚመጥጠው ድራየር ያልፍና ኤክስፓንሽን ቫልቭ በምትባል ጠባብ ቀዳዳ ተረጭቶ ከክሩስኮቱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ይተናል። ሲተን የመኪናውን ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚያም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ አንድ ቦታ ቆሻሻ ካለ ዞሮ ዞሮ መምጣቱ አይቀርም።

ሌላም ጉድ ነበረ። እነዚህ መኪናዎች የተሠሩት አር 12 ለሚባለው ጋዝ ነው። አር 12 ከፀሐይ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ንጣፍ ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት እንዲቀር ተወሰነ፤ እንደ እኛ ላሉ አገሮች የመጨረሻው ቀነ ገደብ 2010 እ.ኤ.አ. ነበር። ምትኩ አር 134 ኤ ነው። ታዲያ የድሮው የማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ተዋህዶ አይዞርም፤ አንዱ ጥግ ይቀመጥና ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ይፈጫል። የመጀመሪያው ጋራዥ ጋዙን ቀይሮ ዘይቱን እንዳለ ትቶት ነበር!

ሽማግሌው ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ቧንቧውን፣ ኮንደንሰሩንና ኢቫፖሬተሩን በማጠቢያ ፈሳሽ አጠቡ። ድራየሩን፣ ኤክስፓንሽን ቫልቩንና የየመገጣጠሚያውን ኦሪንግ በአዲስ ቀየሩ። ለአዲሱ ጋዝ የሚስማማ ዘይት በመጠኑ ጨመሩ። ኮምፕሬሰሩንም ሞተር ከመነሳቱ በፊት በእጃቸው ደጋግመው አዞሩት፤ ዘይቱ ፒስተኑ ላይ ከተኛ ድንገት ሲነሳ ይሰብረዋልና።

ከዚያ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን መምጠጥ ጀመሩ። የሜትሩ መርፌ 24 ኢንች ላይ ቆመ። ጓደኛዬ ደነገጠ። "ጋሼ፣ መመሪያው 29 ይላል እኮ! ያፈሳል ማለት ነው?"

ሳቁበት። "መመሪያው የተጻፈው ባሕር ጠረፍ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። የእኛ ከተማ ስሟ ባሕር ይባል እንጂ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ራሱ እዚህ ከ24 ብዙ አያልፍም፤ አዲስ አበባ ብትሄድ 22 ላይ ይቆምብሃል። ዋናው ነገር ፓምፑን ዘግተህ ግማሽ ሰዓት ስትጠብቅ መርፌው ካለበት አለመነቃነቁ ነው።"

መርፌው አልተነቃነቀም። ጋዙም በግምት ሳይሆን በሚዛን ተሞላ፤ አር 134 ኤ በድሮው መኪና ውስጥ ከአር 12 መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶ ብቻ ይበቃዋል።

ወደ ቆጋ

የኤሲው መዳን ግን ሚስት አይመልስም። ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ እኔ ሽማግሌ ሆኜ ቡናና ስኳር ጭነን ተነሳን። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ መርዓዊ ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ ነው፤ የሜጫ ገበሬ ከበቆሎና ከዳጉሳ ጎን ለጎን ባሕር ዛፍም ይተክላል። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ መንደሩ ስንታጠፍ አቧራው እንደ ጉም ተነሳ። መስኮቱን ዘግተን፣ ቀዝቃዛው አየር ፊታችን ላይ እየነፈሰ፣ በወጉ ተነፈስን።

የቆጋን ግድብ ያላያችሁ ምን ቀረባችሁ መሰላችሁ! በዚያ ደረቅ ወር ድንገት ዓይናችሁ ውሃ ላይ ያርፋል። 83 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ተሠርቶ ከ7,000 ሄክታር በላይ እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። ወንዙ ራሱ ወደ ግልገል ዓባይ፣ በግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይሄዳል። ከግድቡ የሚወጣው ዋና ቦይ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከሱ ትናንሽ ቦዮች እየተከፈሉ በየማሳው ይገባሉ። ውሃው ያለ ሞተር፣ ቁልቁለቱን ተከትሎ ነው የሚወርደው። ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ስንዴው በዚያ ሐሩር አረንጓዴ ነው።

አማቱ በደጅ ተቀበሉን። ጠላ ቀርቦ ጉዳዩ ተነሳ። ጓደኛዬ ስለ ብረት ብናኙና ስለ ቧንቧው አጠባ ሲያስረዳ ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"እኛ በየዓመቱ ውሃ ከመለቀቁ በፊት ወጥተን ቦይ እንጠርጋለን። ደለሉና ሣሩ ሳይወጣ ውሃ ቢለቀቅ ጥሶ የሰው ማሳ ያበላሻል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የውሃው ነው? አንተም ቦዩን ትተህ ውሃ ስትገዛ ኖረሃል። ገንዘቡን ለምን አወጣህ አላልኩህም፤ ለመኪናህ ነው፣ መኪናው እንጀራህ ነው። ሳትነግራት ለምን አወጣህ ነው የምልህ።"

ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ። "አጥፍቻለሁ፣ አባባ።"

እሷ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ብቅ ብላ፣ "እኔ ቀዝቃዛ አየር አልጠየቅኩህም" አለችው። "ወሬውን ከባንክ ደብተር ሳይሆን ከአፍህ ልስማ ነው ያልኩህ።" ከዚያም ውሏን አስቀመጠች፤ የየሰርጉ ገቢ እሷ ፊት ይቆጠራል፣ ግማሹ ለመውለጃዋ እስኪሞላ አይነካም። እሺ አለ። በማግስቱ በዚያው ማርቸዲስ ተመለስን።

ዛሬ ወደ ቆጋ መሄድ የምትፈልጉ ሁሉ የአካባቢውን ጸጥታ ቀድማችሁ ጠይቁ። አሮጌ መኪና ላላችሁ ደግሞ ምክሬ ይኸው ነው። "ኮምፕሬሰር ይቀየር" ለሚላችሁ መካኒክ አምስት ጥያቄ አቅርቡለት፦ የሞተው ምን ገደለው? መስመሩ ይታጠባል? ድራየሩ አዲስ ነው? ዘይቱ ከጋዙ ጋር ይስማማል? ቫኪዩሙ ስንት ደቂቃ ይቆያል? አፉን ሞልቶ ካልመለሰላችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ስድስተኛውን ጥያቄ መካኒኩ አይመልስላችሁም፦ ገንዘቡ የማን ነው፣ እሷስ ሰምታለች? እሱን ኮፈኑ ሳይከፈት ቤታችሁ ጨርሱ።

ቸር እንሰንብት!