ደብረ ብርሃን፣ ከጎመን ቅጠል ሥር

ደብረ ብርሃን በኅዳር ወር ለመጣባት እንግዳ መጀመሪያ የምታስተዋውቀው ብርዷን ነው። ከአዲስ አበባ የምትርቀው 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሁን እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እንኳ ሌሊቱን ጉልበቴ አልሞቀም። ጠዋት ካረፍኩበት ቤት ጓሮ ስወጣ ግን ብርዱን ረሳሁት።

ጓሮው ነጭ ነበር። ውርጩ በጥቅል ጎመኑ ቅጠል ዳር ዳር እንደ ጨው ተነስንሷል፤ ከአጥሩ ሥር የተከመረው ኩበት ሳይቀር ሸብቷል። ድንቹ ቀድሞ ተሸንፎ ቅጠሉ ጠቁሯል። ጎመኑ፣ ካሮቱና ቀይ ሥሩ ግን ምንም አልሆኑም።

«ውርጭ ያልነካው ጎመን ምኑ ይጣፍጣል!» አሉኝ የቤቱ ባለቤት እማማ፣ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ። እውነታቸውን ነው፤ ጎመን ቅዝቃዜ ሲበረታበት ውስጡ ስኳር ያጠራቅማል፣ ስኳሩም በረዶ ከመሥራት ይጠብቀዋል። ምሳ ላይ ቀመስኩት። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባውን ጎመን በትዝብት ነው የምበላው።

3 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ጓሮው ውስጥ ገባች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቷቸው ከተማዋን እንደቆረቆሩ ይነገራል። እኔ ያየሁት ውርጭ ላይ ያረፈ የጠዋት ፀሐይ ነው፤ ለእኔ እሱም በቂዬ ነበር።

ውርጩ ሲቀልጥ አንዱን የጎመን ቅጠል ገለበጥኩ። ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ግራጫ ተባይ፣ አመድ የተነፋበት መስሎ ተለጥፏል።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ ብርድ አልገደለውም?»

«እሱ መች ይሞታል ልጄ! አመድ እነሰንስበታለሁ፤ በሳምንቱ ተመልሶ እዚያው ነው።»

የሚመለስበት ምክንያት አለው። የክሽክሽ እናት ወንድ ሳትፈልግ፣ እንቁላልም ሳትጥል፣ ሴት ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች።

ከግራጫዎቹ መሃል ግን ያበጡ፣ ክብ ክብ ያሉ፣ የተቆላ ሰሊጥ የመሰሉ ነበሩ። እማማ ጠግበው የወፈሩ መስሏቸው ኖሯል። የሞቱ ናቸው። ከትንኝ የምታንስ ጥቁር ተርብ በቁማቸው እንቁላሏን ትጥልባቸዋለች፤ እጯ ከውስጥ በልታ ትጨርሳቸዋለች፤ የሚቀረው ቅርፊት የእሷ መኝታ ይሆናል። አንዱ ቅርፊት ጀርባው ላይ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ነበረው፦ ባለቤቷ ወጥታለች። እማማ መነጽራቸውን አምጥተው ጎንበስ አሉና አዩ። ብዙ ቆዩ።

«እኔ'ኮ እሷንም አመድ አልብሻት ነው የኖርኩት!» አሉ።

ተርቧ ራሷ ግን ምግቧ ሌላ ነው፤ የአበባ ማር ትጠጣለች። ለዘር ብለው ሳይቆርጡ የተዉት ሐበሻ ጎመን ቢጫ አበባው ፈክቶ ንቦች ሰፍረውበታል፤ ንብ የሚመስሉ ዝንቦችም አሉ፣ እነሱም ልጆቻቸው ክሽክሽ በሊታ ናቸው። ጓሮ ያላችሁ፣ አንድ ሁለት እግር ጎመን እንዲያብብ ተዉት።

ሰሊጥ የመሰሉት የበዙበትን አንድ ቅጠል ለምኜ በብርጭቆ ይዤ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ተርቦች ወጡ። መስኮቱን ከፍቼ ለቀቅኳቸው። በሰፈራችን ጎመን የተከለ ጎረቤት ካለ፣ ከደብረ ብርሃን እንግዶች መጥተውለታል።