ከፍታው የሞላ፣ እርጋታው የሾክ

የእኔን ስህተት አይድገሙ። ሸዋሮቢት ወደ እናቴ ቤት የሚያስገባው ኮረኮንች የመኪናዬን ሆድ ይፍቀዋል። መኪናው ከፍ ይልልኛል ብዬ ጥንካሬው በቁልፍ የሚስተካከል ሾክ አብዞርበር አስገባሁና እስከ መጨረሻው አጠነከርኩት። አንዲት ጣት እንኳ አልተነሳም፤ እናቴን ለወገቧ ሕክምና አዲስ አበባ ሳመጣት ግን በየጉድጓዱ «ኧረ ወገቤን!» አለች።

ለካ ክብደቱን የሚሸከመውና ከፍታውን የሚወስነው ሞላው ነው፤ የሾኩ ሥራ የሞላውን መንጠር ማርገብ ነው። ከፍታን የሚቀይሩት ሞላውን የሚደግፍ ባለጥርስ ቀለበት ያላቸው ናቸው። መኪና ከልክ በላይ ከፍ ሲል ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማበር በሚያወጣው ጥምዝምዝ ላይ ያዘነብላል።

አሁን ሾኩን በልኩ አላልቼዋለሁ፤ ኮረኮንቹንም ቀስ ብዬ አልፋለሁ። እናቴን ደብረ ሲና ሳንደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል።