ጎቤርና ቁጥሩ

ዛሬ በግሪን ላይን ከሴንት ፖል ወደ ሚኒያፖሊስ ስሄድ ሁለት የኛ ልጆች ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሩዲ ጎቤር ይከራከራሉ።

አንዱ ስልኩን ከፍቶ ቁጥር ይደረድራል። ሌላው «ተው እንጂ ወንድሜ፣ ኳስ እንኳ በወጉ አይዝም!» ይለዋል።

ሁለቱም ልክ ናቸው ብል ትስቁብኛላችሁ?

የከተማችን ቡድን ቲምበርዉልቭስ በ2022 እ.ኤ.አ. ጎቤርን ከዩታ ሲያመጣ አምስት ተጫዋችና አራት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ ሰጥቷል። ስንቱ ሳቀ! በ2023/24 ግን ቡድኑ በመከላከል ከሊጉ አንደኛ ሆነ፣ 56 ጨዋታ አሸነፈ፤ ጎቤርም ለ4ኛ ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ።

የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን የስፖርት ድረ ገጹ ዘ አትሌቲክ ስማቸውን ሳይገልጥ የጠየቃቸው ተጫዋቾች «ከሚገባው በላይ የተጋነነ» ብለው በብዛት የመረጡት እሱኑ ነው።

ነጥብና ሪባውንድ መቁጠር ብቻውን ጎቤርን አያሳይም። ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ስላዩት ብቻ ሳይሞክሩ የሚመለሱ አሉ። ያልተወረወረ ኳስ ማን ይመዘግባል? አዲሱ ስሌት እሱ ሜዳ ላይ ሲኖርና ሲወጣ ያለውን ልዩነት ስለሚያይ፣ ይሄን በተዘዋዋሪ ይይዘዋል። (የጓደኞቹ ላብም እዚያው ይደባለቃል እንጂ!)

ከዚያ ሜይ 2024 አለላችሁ። ታርጌት ሴንተር፣ 3 ሰከንድ ሲቀር፣ ያኔ የዳላሱ ሉካ ዶንቺች ጎቤር ፊት ወደ ኋላ አፈግፍጎ ሦስት ነጥብ አገባበት። ዳላስ 109 ለ108።

የዓመቱ አማካይ ለዚያች ኳስ ምን ይላል? እናንተ አሰልጣኝ ብትሆኑ ታስወጡት ነበር?