የዝምተኛው ተማሪ ጥሪ

በየዩኒቨርሲቲያችን የመጀመሪያው ዓመት ተፈጽሞ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲደርስ፣ አንዱ ጓደኛውን ተከትሎ፣ ሌላው ነጥቡ የፈቀደለትን ይዞ፣ ሦስተኛውም «ሐኪም ሁንልን» የሚለውን የቤተ ዘመድ ልመና ተሸክሞ ሲራወጥ፣ ከኋላ ወንበር በአርምሞ የሚቀመጠውን ተማሪ ግን ልቡናህ ወዴት ያደላል ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም፤ ዝምታውም ሐሳብ እንደ ማጣት ይቈጠርበታል።

እንዲህ ያለውን ተማሪ ባሰብሁ ቍጥር አሜሪካዊቷ የጄኔቲክስ ሊቅ ባርባራ ማክሊንቶክ ትዝ ትለኛለች። እናቷ የተማረች ሴት ባል አታገኝም ብላ ስትሠጋ፣ ሐኪሙ አባቷ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ ስለ ደገፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከእርሻ ኮሌጁ ገባች። ዓይነ አፋር አልነበረችም፤ በጃዝ ጓድ ባንጆ ትመታ ነበር፣ የመጀመሪያ ዓመት ሴቶች ተማሪዎችም ሊቀ መንበራቸው አድርገው መርጠዋት ነበር። ሰውን መፍራትና ብሕትውናን መውደድ ለየቅል መሆናቸውን ብዙ ሰው አይገነዘብም፤ እርሷ ሰውን ሳትፈራ ብቻዋን መሆንን የምትወድ ነበረች።

በጂኦሎጂ ትምህርት እጅግ ከመመሰጧ የተነሣ፣ የመጨረሻውን ፈተና በደስታ ሠርታ ስሟን ልትጽፍ ብትል የገዛ ስሟ ጠፋባት፤ ሰው እንዳትጠይቅ አፍራ ሃያ ደቂቃ ያህል ቈይታ አስታወሰችው። አማካሪዎች የሚያድሉት መጠይቅ ሁሉ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የሚሰጥ አይመስለኝም። ሆኖም ጥሪዋ ጂኦሎጂ አልነበረም፤ ተመስጦ ጸጋው መኖሩን ይገልጣል እንጂ የሚውልበትን ስፍራ አይናገርምና።

ስፍራውን ያሳያት በ1921 መጸው ጥቂት ተማሪዎች ብቻ የተከታተሉት የጄኔቲክስ ትምህርት ነው። አብዛኞቹ እርሻን ለሙያ የፈለጉ ነበሩ፤ መምህሩ ሃችሰን ግን የዚህችን ልጅ ትጋት ልብ ብሎ፣ በጥር 1922 ስልክ ደውሎ ለከፍተኛ ተማሪዎች ወደሚሰጠው ትምህርት ጋበዛት። እርሷም በስተርጅና የሕይወቷ ዕጣ በዚያች ስልክ እንደ ተወሰነ ጽፋለች። አንደበተ ርቱዕ ተማሪ በር እስኪከፈትለት ያንኳኳል፤ ዝምተኛው ግን አስተዋይ መምህር ያሻዋል፤ የሚያሳዝነኝም መቶና ሁለት መቶ ተማሪ ባንድ አዳራሽ የሚያስተምር ሰው ይህን እንዲያይ መጠበቅ ከባድ መሆኑ ነው።

ሃችሰን ብዙም ሳይቈይ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ እርሷ ግን በዚያው ጸንታ ከበቆሎ ጄኔቲክስ ምርምሯ አልተለየችም። ከበቆሎ ፍሬ ዝንጕርጕር ቀለም ተነሥታ አንዳንድ ጂኖች ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚዛወሩ ብታስረዳ፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ቸል አሉት፤ እርሷም ማሳተሙን ቀንሳ ምርምሯን ቀጠለች። በ1983፣ በ81 ዓመቷ፣ የኖቤል ሽልማት ሲሰጣት ከማንም ሳትጋራ ለብቻዋ ነበር።